ድምፄ የተዘጋ ሳምንት

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ብድግ አሉ። «እንደምን አደራችሁ» ልል አፌን ስከፍት የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። እንደ ተነፈሰ ኳስ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ኪኪ ብላ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ደነገጠችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ድንገት የመጣ ነገር ነው እንዳልል፣ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፄ ሲሻክር ከርሟል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እላለሁ። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» እያልኩ ችላ አልኩት። ስታፍ ውስጥም ማንም ልብ አላለውም። ጉሮሮውን የማያመው መምህር የት አለና!

የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገብቶ ጉሮሮዬን በስክሪን አሳየኝ። የድምፅ አውታሮቼ መሃላቸው ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ትንንሽ እብጠት አውጥተዋል። «መጅ ይበሉት» አለኝ። ዶማ የሚይዝ ሰው መዳፉ ላይ እንደሚያወጣው ማለቱ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው ሁለቱ አውታሮች እየተጋጩ ሲርገበገቡ ነው። በሴት ድምፅ ይህ በሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ይሆናል። አንድ ደቂቃ ሳላቋርጥ ባወራ 12,000 ግጭት ማለት ነው። ስጮህ ደግሞ ግጭቱ ይበረታል። የቀኑን ክፍለ ጊዜ ሁሉ በልቤ ላባዛው ሞከርኩና ተውኩት።

ትእዛዙ አጭር ነበር። አምስት ቀን መናገር የለም። ማንሾካሾክም ቢሆን።

የሚተካኝ ሰው አልተገኘም። ረቡዕ ጠዋት 48 የሦስተኛ ክፍል ልጆች ፊት ያለ ድምፅ ቆምኩ።

ያን ሳምንት ደጋግሜ አስበዋለሁ። እስከዚያ ድረስ «ራስን መንከባከብ» ሲባል ከሥራ በኋላ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጥሩ እንቅልፍ፣ የእግር መንገድ፣ ቅዳሜ ትንሽ ማረፍ። እነዚህን እንደ ምንም አደርጋለሁ። ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ተመልሼ ባዶ ነኝ። ያደከመኝ ሥራው ብቻ አልነበረም፤ ክፍሉን የምመራበት መንገድም ነበር። ይህን ያወቅሁት ድምፄ ሲወሰድብኝ ነው።

ረቡዕ ልጆቹ ሳይገቡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ዛሬ ድምፄ ታሟል። ሐኪም አትናገሪ ብሎኛል። እርዱኝ።» በሩ ላይ ቆምኩ። እየገቡ ማንበብ ጀመሩ። አንዳንዱ ፊደል እየቆጠረ፣ አንዳንዱ ጓደኛውን ቀድሞ ለመጨረስ እየተጣደፈ። «ቲቸር፣ በጣም ያምዎታል?» አለ አንዱ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ቲቸር፣ ማን ነው ታዲያ የሚቆጣን?» አለች ሌላዋ። ይህችን ጥያቄ አልረሳትም። እውነትም የድምፄ ዋና ሥራ ቁጣ ሆኖ ኖሯል።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ልጅ አለኝ። ድምፁ እንደ ደወል ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ካልተናገረ የተናገረ የማይመስለው፣ ስንት ጊዜ በር ላይ ያቆምኩት ልጅ። በእጄ ጠራሁት። ሌላ ጥፋት ያገኘሁበት መስሎት ተሸማቆ መጣ። መጠቆሚያውን ዱላ ሰጠሁትና ሰሌዳውን አሳየሁት። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነባል። በመጀመሪያ አላመነም። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ደብተራችሁን አውጡ» ብሎ እንደ ዳኛ አነበበ። ሲሳሳት በጠመኔዬ ሰሌዳውን ቸክ ቸክ አደርጋለሁ፤ ተመልሶ ያነባል። ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ የተነሣው ሳስነሣው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ማንሾካሾክ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ ክፍሌን እንደ ንብ ቀፎ ነበር የማውቀው። ያን ቀን የጠመኔው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ለምን እንደሆነ በኋላ አነበብኩ። ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጉሮሮና የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 የጻፈው ነገር አለ። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አስቦበት የሚያደርገው አይደለም፣ በራሱ የሚሆን ነገር ነው። ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። እስቲ ክፍል ውስጥ አምጡት። ልጆቹ ያወራሉ። ከእነሱ በላይ ለመሰማት እጮኻለሁ። የእኔ ጩኸት ለእነሱ ጫጫታ ይሆናል። ጓደኛቸው እንዲሰማቸው እነሱም ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ። ገመድ ጉተታ ነው፤ በዚያ በኩል 48፣ በዚህ በኩል አንድ። ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። ስንት ዓመት ስጎትት ኖሬያለሁ።

እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ከመምህራን 57.7 በመቶው በሕይወታቸው ውስጥ የድምፅ ችግር እንደ ገጠማቸው አሳይቷል። መምህር ካልሆኑት ውስጥ 28.8 በመቶው ነው። እጥፍ! ጉልበቱን የሚጎዳ ኳስ ተጫዋች ጉልበቱን ይጠብቃል። እኛ ግን ጉሮሯችንን የሥራ ዕቃ ነው ብለን አናውቅም።

ድምፄ ሲመለስ ከዚያ ሳምንት ጥቂት ነገሮችን አስቀረሁ። ትልቁ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

ሐሙስ ዕለት ክፍልፋይ ነበር የምናስተምረው። «የምናስተምረው» አልኩ፤ እኔና ባለ ደወሉ ልጅ ማለቴ ነው። ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጻፍኩ። የትኛው ይበልጣል? እነዚያ ሁልጊዜ የሚቀድሙት አራት ልጆች እጃቸውን አወጡ። «1/4! አራት ይበልጣላ!» ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው «አይደለም፣ እዩ…» ብዬ ራሴ እመልሰው ነበር። አሁን መናገር አልችልም። ትክክል ነው ብዬም አልነቀነቅኩ፣ ስሕተት ነው ብዬም አልጻፍኩ። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ዝምታው ረዘመ። ለእኔ የሰዓት ያህል ነበር። አራቱ ልጆች እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ከግድግዳው ጥግ አንዲት እጅ ግማሽ ወጣች። ግማሽ ዓመት ሙሉ ድምፅዋን የማላውቀው ልጅ ናት። «አንድ ወረቀት ለአራት ሰው ከተቀደደ ትንሽ ትንሽ ነው የሚደርሳቸው» አለች። ወረቀት አንሥቼ ሰጠኋት። ቀደደችው።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ትምህርት በቴፕ ቀድታ ሰዓት ያዘች። መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። አንድ! ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ደካማ ይባሉ የነበሩት ልጆችም መናገር ጀመሩ። ልጆቹ ያልቻሉ መስሎን እኛ ነን የቸኮልነው።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ክፍል ውስጥ ያስፈራል። ክፍሉ የሚያመልጠኝ ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አለኝ፤ አትሳቁብኝ። ጫማዬ ውስጥ በእግር ጣቶቼ እቆጥራለሁ። አውራ ጣቴን አጥፌ እጀምራለሁ፤ ትንሿ ጣት ላይ ሳልደርስ አልናገርም። ማንም አያይም። ለልጆቹ ጊዜ ሰጠሁ፣ ጉሮሮዬም በቀን ብዙ ትንንሽ እረፍት አገኘ። ከአንድ ነገር ሁለቱም ተጠቀሙ።

ሁለተኛው የእጅ ምልክት ነው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ሁሉም መምህር ያውቀዋል። እጄን አነሣለሁ፤ ያየኝ ልጅ እጁን ያነሣል፣ አፉን ይዘጋል። ልዩነቱ ምልክቱን እያሳዩ አለመናገር ላይ ነው። ድሮ እጄን አንሥቼ «እጄን አይታችኋል? እጄን አላያችሁም?» እያልኩ እጮህ ነበር። ታዲያ እጁ ምን ይሠራል?

ይህን ስጽፍ ሁሉ ነገር የተቃና እንዳይመስላችሁ። ድምፄ በተመለሰ በሁለት ሳምንቱ ዝናብ ጣለና እረፍቱን ክፍል ውስጥ አሳለፉ። ደወል ሲደወል እብድ ሆነው ጠበቁኝ። ሁለቱ ጠረጴዛ ሥር፣ አንዱ የጓደኛውን ጫማ ይዞ ይሮጣል። እጄን አነሣሁ። ማን ሊያይ! «ዝም በሉ!» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ፀጥ ረጭ አሉ። ሃያ ሰከንድ ያህል። ከዚያ ከቀድሞው የባሰ ተነሡ። ጉሮሮዬ ሲቆረጥ ተሰማኝና ያ ስክሪን ትዝ አለኝ። ዞር ብዬ ሰሌዳው ላይ ቀስ ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ፦ «ዛሬ ከመካከላችሁ አንድ ሰው…» እዚያ ላይ አቆምኩ። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። «አንድ ሰው ምን?» አለ አንዱ። ለጓደኛው ነገረው። ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እኔም ምን ብዬ እንደምጨርሰው አላሰብኩም ነበር፤ «…ታሪክ ይነግረናል» ብዬ ጻፍኩና ዕድሉ ለጠረጴዛ ሥሩ ልጅ ደረሰ።

ስለ ሥነ ሥርዓት ካነሣሁ፣ ጄኮብ ኩኒን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው የሠራውን ልንገራችሁ። ጎበዝ መምህራንና የሚቸገሩ መምህራን የሚለዩት ልጅ ሲያጠፋ በሚያደርጉት ነገር ይመስለው ነበር። ክፍሎችን በቪዲዮ ቀርጾ አጠና። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1970 አወጣ። ጥፋት ከተፈጠረ በኋላ በሚያደርጉት ነገር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ነው። ጎበዞቹ መምህራን ክፍላቸው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ያያሉ፤ ልጆቹም እንደሚታዩ ያውቃሉ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገሩም ክፍተት አይተዉም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬን መስጠት ተውኩ። በጎን ቆሜ እጽፋለሁ። መስመሬ ጠማማ ሆኗል፤ ይሁን። ሲገቡ የሚሠሩት አንድ ነገር ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ ይጠብቃቸዋል። ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለት የስሌት ጥያቄ ወይም ከትናንቱ የምትታወስ አንዲት ነገር። ስም ጠርቼ እስክጨርስ እጃቸው ሥራ ይዟል። ድሮ በዚህች አምስት ደቂቃ ውስጥ ነበር የቀኑ ግማሽ ጩኸት የሚያልቀው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። እርሳስ፦ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቆርቆሮ አለ፤ አንዱ የሾለ፣ አንዱ የዶለዶመ። የዶለዶመበት ልጅ ጥሎ የሾለውን ያነሣል። መናገር የለም፣ መቅረጫ ፍለጋ ክፍሉን መዞር የለም። ለቅርጻው ሁልጊዜ ፈቃደኛ አይጠፋም። ሽንት ቤት፦ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ አንዲት የእንጨት ቁራጭ ተንጠልጥላለች። የፈለገ ልጅ ይዟት ይወጣል፣ ሲመለስ ይሰቅላታል። እንጨቷ ከሌለች ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ክፍሉ በሙሉ ሽንቱ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሰለቻቸው። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» የምትለዋን ጥያቄ በቀን ስንቴ እመልስ እንደነበር የገባኝ ስትጠፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጠላቴ ልምጣ። እርማት።

48 ደብተር። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ብሰጥ 144 ደቂቃ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ። ይህ ለአንድ ትምህርት ብቻ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እኩለ ሌሊት ላይ ራይትና ኤክስ ስሠራ የኖርኩባቸውን ዓመታት ሳስብ ያናድደኛል። ልጆቹ በነጋታው የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአሥር ስንት? ከዚያ ጎን ለጎን፣ «አንተ ስንት አመጣህ?» የጻፍኩት አስተያየት ሳይነበብ ገጹ ይገለጣል።

ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ ይህንኑ ፈትናዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው ያሳተመችው። ለአንዱ የልጆች ቡድን ነጥብ ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጠች። በኋላ በተሰጠው ሥራ ተሽለው የተገኙት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት እንደ እነሱ አልሆኑም፤ ነጥቡ አስተያየቱን ዋጠው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አይደለም፣ ቁጭት ነው። ስንት ሌሊት!

አሁን በቀን 12 ደብተር ብቻ ነው የማየው። በአራት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ልጁ ሊያደርገው የሚችለው ነገር መሆን አለበት። «ጎበዝ» ብቻ አልጽፍም። «ሁለተኛውን ስትደምር የያዝከውን አንድ ረስተሃል፣ እንደገና ሞክር» እላለሁ። ነጥብ የምሰጠው ለፈተና ነው። የቀረውን የቤት ሥራ መልሱን ሰሌዳ ላይ አድርጌ ራሳቸው በእርሳስ ያርማሉ። ያጭበረብራሉ? አንዳንዱ አዎ። ግን ከ48ቱ ማን እንደሚያጭበረብር ለማወቅ ሁለት ሳምንት አይፈጅም። እነሱን ለብቻ አያቸዋለሁ። ሁለት ወላጆች ቅር ብሏቸው መጡ፤ «ቀይ አናይም» አሉ። ደብተሩን ከፍቼ ዓረፍተ ነገሮቹን አስነበብኳቸው። አንደኛዋ ተስማማች። ሌላኛው እስካሁን አልተስማሙም፤ አይፈረድባቸውም፣ እኛው ነን ያስለመድናቸው።

ከድምፄ በፊት ሌላ የተዘጋ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ለመናገር ነው የከበደኝ።

በዚያው ዓመት አንድ ቀን ስታፍ ውስጥ ስለ አንድ ልጅ እያወራን ነበር። «እሱማ አይረባም፣ ተዉት» አልኩ። እንደ ዋዛ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አንድ ጋሼ አሉ፤ ብዙ አይናገሩም። ቀስ ብለው ቀና አሉና «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው መጨረሻ ያረፍሽው?» አሉኝ። የጠበቅሁት ግሣፄ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ድካሜ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ በሥራ መንገሽገሽን ሲያብራራ ሦስት ነገር ያነሣል። ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና መጥላት፣ በሥራው ውጤታማ እንዳልሆኑ መሰማት። በሽታ ነው አይልም፤ በሥራ ቦታ ተጠራቅሞ መላ ያልተበጀለት ጭንቀት የሚያመጣው ነገር ነው ይላል። እኔን የነካኝ ሁለተኛው ነው። ድካም ያስታውቃል፣ ሰውም ያዝንልሃል። ልጅን «አይረባም» ማለት ግን ልምድ ያለው መምህር መምሰል ነው። ድካም መሆኑን ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ወዲህ ይህች ቃል ከአፌ ልትወጣ ስትል ልጁን ከመመርመሬ በፊት እንቅልፌን እቆጥራለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከሥልጠና ሥልጠና «በረጅሙ ተንፍሱ፣ ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ» ሲሉን ይገርመኛል። ያንኑ ሳምንት ሦስት አዲስ ቅጽ ሙሉ ይሉናል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የሥራ ቦታ ጣጣ ነው ያለውን ነገር የመምህሩ ሳንባ ላይ መጫን ምን የሚሉት ነው? የክፍል መጣበብ በመተንፈስ አይሰፋም። ተባብረን የምንጠይቀው ነገር አለ፤ ብቻችንን የምናስተካክለው ነገርም አለ። እኔ እዚህ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

ለምሳሌ ውሃ። ዓመታት ውሃ ሳልጠጣ አስተምሬያለሁ። ምክንያቱን መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሃ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል፣ ክፍሉን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ? አሁን ከጎረቤት ክፍል መምህርት ጋር ተስማምተናል። በር ላይ ብቅ ብላ ሁለት ጣት ታሳየኛለች፤ ሁለቱንም ክፍል በሚያሳየኝ ቦታ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። እኔም እንዲሁ። ሁለት ደቂቃ። ይህን ለመነጋገር ስንት ዓመት እንደ ፈጀብን ሳስብ ሳቄ ይመጣል። በነገራችን ላይ የምንጠጣው ውሃ የድምፅ አውታርን በቀጥታ አይነካውም፤ የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው። ሰውነት በሙሉ ሲረጥብ ነው አውታሩም የሚረጥበው። ስለዚህ ጉሮሮ ሲደርቅ አንድ ጉንጭ መጎንጨት አይበቃም፣ ከጠዋት መጀመር ነው። ጉሮሮን እህ እህ እያሉ መጥረግም አውታሮቹን ያጋጫል፤ ምራቅ መዋጥ ይሻላል። ድምፁ ሦስት ሳምንት የሻከረበት ሰው ደግሞ እንደ እኔ «ጉንፋን ነው» አይበል፤ ይታይ።

ስልክም አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ለወላጅ አልመልስም። መጀመሪያ ላይ ወላጆች የሚቀየሙ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ሰዓቱን ነገርኳቸው። አብዛኞቹ እፎይ ያሉ ይመስለኛል፤ ለካ እነሱም ማታ መደወል አለብን ብለው ነበር የሚጨነቁት።

የቀኑ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። አሥር ደቂቃ። አላርምም፣ ስልክ አልነካም። ከዚያ ሰሌዳውን በዳስተር አጸዳለሁ፣ የነገን የመጀመሪያ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ ጠመኔውን አስቀምጣለሁ። የጻፍኩት ጥያቄ እዚያ ስለሚጠብቀኝ ክፍሉ ቤቴ ድረስ አይከተለኝም። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስለ ክፍልፋይ ሳስብ ራሴን ይዤዋለሁ።

ድምፄ ሰኞ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ። በር ላይ ቆሜ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ በደስታ ዘለለች። ባለ ደወሉ ልጅ ብቻ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ መጠቆሚያውን ዱላ ይነካካ ነበር። ማጨብጨቡ ሲያበቃ ጠጋ ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ በሹክሹክታ ጠየቀኝ፦

«ቲቸር፣ ድምፅዎ ደግሞ መቼ ነው የሚዘጋው?»